ችሎት ያልቀረብኩበት ሰኞ

እንጅባራ፣ ሰኞ ሚያዝያ ፰ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ውድ እኅቴ፣ እታባ የሻረግ፣

ይህን መጻፍ ስጀምር አንቺ ዳንግላ ፍርድ ቤት ግቢ ዛፉ ሥር ተቀምጠሽ በዓይንሽ እኔን ትፈልጊያለሽ። ከጫግኒ ሁለት ቀን በእግርሽ መጥተሻል። እኔ ግን ከቤቴ አልወጣሁም። ቀጠሮአችንን ረስቼ አይደለም፤ በሰባት ዓመት ሙግታችን አንድም ቀጠሮ ረስቼ አላውቅም።

"ደግሞ ምን ተንኮል አሰበ?" እንደምትዪ አውቃለሁ። አምና ቀርቼብሽ፣ መዝገቡ ተዘጋ ብለሽ ደስ ብሎሽ ከሄድሽ በኋላ "ታምሜ ነው" ብዬ አስከፈትኩት። አልታመምኩም ነበር። ስለዚህ የዛሬውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የሚያነብልሽም ሰው አይቸኩል።

ሙግት አመል ሆኖብኝ ነበር። ሌላው ሰው በአረቄ እንደሚያዘው እኔ በችሎት ተያዝኩ። የአባታችን የቀርቀሃ ቦታ ሰበብ ነው። ጉዳይ በሌለኝ ቀን እንኳ ዳንግላ ሄጄ የሰው ክርክር እሰማ ነበር። እዚህ ሰፈር እኔ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል፤ የተናገሩት ነገ ምስክርነት እንዳይሆንባቸው ይፈራሉ። ሰንበቴ ላይ ከጎኔ ያለው ቦታ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

እናታችን ለምስክርነት የቀረበችበትን ቀን ታስታውሻለሽ። በአገውኛ ስትናገር አስተርጓሚው መጨረሻውን ዘለለው። ዳኛው "ምን አለች?" ሲሉት "ከነገሩ ጋር አይገናኝም" አለ። እኔና አንቺ ግን ሰምተናል። "ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቤቱ የሚያናግረው ሰው የለም፤ እዚህ ሲናገር ዝም ብለው ይሰሙታል" ነው ያለችው። ያን ቀን ተናደድኩባት። በዓመቱ ስንቀብራት ከመቃብሩ ግራና ቀኝ ቆመን አልተያየንም።

ሁዳዴ ሲገባ ለንስሐ አባቴ ለቄስ ዋጋዬ ልናዘዝ ሄድኩ። ስለ አንቺ መናገር ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

"ውብአየሁ፣ ይኸ ክስ ነው፤ ኑዛዜ አይደለም" አሉኝ። "በል ጾሙ እስኪፈታ ጧት ጧት ቤተ ክርስቲያን እየመጣህ ስለ እሷ ጸልይ። በክርስትና ስሟ።"

"ተከሳሽ ወይዘሮ የሻረግ" ብዬ ስምሽን ከነአያትሽ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። የክርስትና ስምሽ ግን ጠፋኝ። አዝለሽ ላሳደግሽኝ ለአንቺ። ክርስትና እናትሽ እማማ ስሜነሽ ዘንድ ሄድኩ፤ ደጃፋቸው ላይ ተልባ ያበጥራሉ።

"ለክስ ከሆነ አልነግርህም" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ለጸሎት ነው እማማ። ልማልልዎ።"

"ተው፣ አትማል። መሐላህን አገር ያውቀዋል።" ሰፌዱን አስቀምጠው ብዙ አዩኝ። "ወለተ ኪዳን ናት። ይዘህባት ዳኛ ዘንድ እንዳትሄድ።"

ጸሎቱ ወዲያው አልለወጠኝም። "ወለተ ኪዳንን አስባት" እያልኩ በልቤ የዛሬውን ክርክር አዘጋጅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤቴ በሬ ጎመኔ ውስጥ ሲገባ ወረቀት አውጥቼ ሦስት መስመር ክስ ጻፍኩ። ከዚያ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። እጄ ግን ቀኑን ሙሉ ብዕሩን ይፈልግ ነበር።

ከትናንት ወዲያ፣ ቅዳሜ ጧት፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠግቼ "ወለተ ኪዳንን ከመንገድ ችግር ጠብቃት" አልኩ። አንቺ ያን ጊዜ ከጫግኒ ተነሥተሻል። ይህን መንገድ ያዘዘብሽ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ታየኝ። ችሎት ፊት የተሰነጠቀ እግርሽን አይቼ፣ ደክማለች፣ ዛሬ ትሳሳታለች ብዬ ደስ ያለኝ ቀን ነበር። ለካ ያን ሁሉ ጧት እግዚአብሔርን የምለምነው ከእኔ እንዲጠብቅሽ ኖሯል። ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። ልመልስሽ ግን አልቻልኩም፤ መንገድ ላይ ነበርሽ።

ዛሬ ሄጄ "ትቻለሁ" ማለት ነበረብኝ። ዳኛ ፊት ከቆምኩ ግን አፌ አይታዘዘኝም፤ ገና ራሴን አላምነውም። ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር የታጠፈውን ተመልከቺ። አባታችን ቀርቀሃውን ለአንቺ የሰጠበት፣ ጭቃ ሹሙ የፈረሙበት ወረቀት ነው። ጠፍቷል ብዬ መስቀል ስሜ የማልኩበት። አልጠፋም። ሰባት ዓመት ሙሉ በዳዊቴ ገጾች መካከል ነበር፤ በየቀኑ እየገለጥኩ አልፌዋለሁ። ከእንግዲህ ልክሰስሽ ብል እንኳ ማስረጃው በእጅሽ ነው።

የጨው ነጋዴው ሸዕባን ነገ ወደ ጫግኒ ይወርዳል። ከእጅሽ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ለመንኩት። "መጥሪያ ከሆነ አልሸከምም" አለኝ እየሳቀ። አልተቀየምኩትም።

ነዪልኝ አልልሽም፤ በእኔ ምክንያት የሄድሽው መንገድ ይበቃል። ፋሲካ ሲያልፍ እኔ በእግሬ እመጣለሁ። ደጅሽ ቆሜ እጣራለሁ። በሩን ባትከፍቺልኝ እመለሳለሁ እንጂ ለማንም አቤት አልልም። ጧት ጧት ስምሽን መጥራቴን ግን አልተውም።

ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እስካሁን ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ይሆናል። እግሬ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ መልሼ ተቀመጥኩ።

ታናሽ ወንድምሽ
ውብአየሁ