የዘይነባ አሥራ ሁለት መልሶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6
ዘይነባ ዛሬ አሥራ ሁለት ጥያቄ ሞክራ አሥራ ሁለቱንም ሳተች። ሒሳብ የማስተምራቸው ሌሎቹ የአሥረኛ ክፍል ልጆች ካልኩሌተር በሚያህለው የኪስ ኮምፒውተሬ አብደዋል፤ ተራ ለመያዝ ይጋፋሉ። እኔም ደረቴን ነፍቻለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ማሽኑን ክረምት አዲስ አበባ ለኮርስ ስሄድ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩት ግን ራሴ ነኝ። ማሽኑ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ያወጣል፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ ሠርቶ ሁለቱን መልሶች ተራ በተራ ያስገባል። ልክ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0።

ክፍሉ ሲስቅባት እኔ "ጥናት ይጎድልሻል" አልኳት። ደብተሯን አላየሁም።

ረቡዕ
ዘይነባ ቀረች። የማሽኑ ባትሪ እየደከመ ነው። ሰቆጣ ውስጥ የሚሸጥ የለም።

ሐሙስ
ዛሬም የለችም። አብራት የምትቀመጠው ልጅ "ሒሳብ አይገባኝም ብላ አባቷ ሱቅ ገብታለች" አለችኝ። አንዴ ሱቅ ከለመደች አትመለስም፤ ስንቷ እንደዚህ ቀርታብኛለች።

ደብተሯን ትታው ነበርና ገለጥኩት። x² − 5x + 6 = 0። ሲባዙ ስድስት፣ ሲደመሩ አምስት የሚሆኑ ቁጥሮች በሐሳቧ ፈልጋ 2፣ 3 ብላለች። ልክ ነው። ሠርዛዋለች። ቀጣዩም ልክ፣ የተሠረዘ። አሥራ ሁለቱም!

ማሽኑ ላይ 2፣ 3 አስገባሁ፦ 0። 3፣ 2 አስገባሁ፦ 1።

እኔ በፎርሙላ ስሠራ መደመሩን ስለማስቀድም ትልቁ መልስ ቀድሞ ይወጣል። ፕሮግራሙንም እንደዚያው ጻፍኩት። ልጆቹ የእኔን አሠራር ይገለብጣሉ፤ እሷ ብቻ በራሷ መንገድ ሄደች። ለካ ማሽኑ የሚያውቀው የእኔን ልማድ ነው። በጣም አፈርኩ።

ቅዳሜ
ሱቃቸው ሄድኩ። ዘይነባ አቡጀዲ ትለካለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ለአባቷ ለጋሽ ሰይድ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። ሰምተው ሲያበቁ "መምህር፣ ልጄ ያፈረችው በሰው ፊት ነው። ይቅርታው እዚህ ሱቅ ጥግ ምን ይሠራላታል?" አሉኝ። ሰኞ ክፍል ይዘዋት እንዲመጡ ለመንኳቸው።

እሑድ
ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። ለክፍሉ መናገሩ ግን ይጨንቃል። በስብሰባ ግለ ሂስ ያደረገ ሰው ቃሉ ከርሞ ሲጠቀስበት አይቻለሁ። ርዕሰ መምህሩ ቢሰሙስ? ይስሙ።

ሰኞ
አባቷ ይዘዋት መጡና በር ላይ ቆሙ። "ዛሬ ግለ ሂስ አደርጋለሁ" ስል ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቃሉን ከስብሰባ ነው የሚያውቁት። "የዘይነባ መልሶች ሁሉ ልክ ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።" ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን በአዎንታ ነቅነቅ አድርገው ሄዱ።

ሰሌዳው ላይ x² + 7 = 8x ብዬ ጽፌ ጠራኋት። 1፣ 7 ብላ ጻፈችና ዞር ብላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማሽን አየች። "ተዪው፣ ራስሽ ፈትኚው" አልኳት።

አንድን ተክታ ሠራች፤ ግራና ቀኙ ስምንት ስምንት ሆነ። ሰባትን ተካች፤ ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት። ጠመኔውን አስቀምጣ "ልክ ነው" አለች። እኔን አልጠየቀችኝም።