ቅቤ በማስክ አይሸተትም

ሰኞ፣ ሐምሌ 6። ጠዋት 3 ሰዓት።

ማስኩ ዛሬም ሚስማሩ ላይ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ያው አንድ ማስክ። ሲገዛ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን የድስት ማውጫ ጨርቅ መስሏል። ባሌ ታረቀኝ ደጅ ሲወጣ ያወርደዋል፣ አገጩ ላይ ያደርገዋል፣ ሲመለስ ይሰቅለዋል። ሲያስነጥሰው ደግሞ እንዳይቆሽሽ ብሎ ወደ አንገቱ ዝቅ ያደርገዋል። በአገጩ የሚተነፍስ መምህር ያየሁት ዘንድሮ ነው።

ደብተሬ፣ አንቺም ከእሱ ተማሪዎች የተረፍሽ ነሽ። ት/ቤት ከተዘጋ ወዲህ ባዶ ደብተር ቤቱ ውስጥ ተከምሮ አለ። አይጥ ከሚበላው እኔ ልጻፍበት አልኩ። እጄ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና ፊደሌን አትታዘቢኝ።

ዝናብ። የጉናን ተራራ ካየን ሳምንት አለፈን። ልብስ አይደርቅም። ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ሻጋታ ካላለ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ መድኃኒት ነው ተብሎ ሰው ሁሉ በባዶ ሆዱ ያኝካል፤ ታረቀኝ አኝኮ መጥቶ ጆሮዬ ሥር ያወራል። ልጄ ማኅሌት ዩኒቨርሲቲው ከበተናቸው ጀምሮ ከአልጋ አትወርድም፣ ስልኳን እያየች ትበላለች። ዛሬ ትራሷ ሥር ቅቅል ድንች አገኘሁ። ጸጉር አብቅሏል።  ምን እንደሆነ ስጠይቃት ባዮሎጂ ነው አለችኝ።

ለእጅ ብዬ ያስቀመጥኩት አረቄም ጎድሏል። ታረቀኝን ያዝኩት። ውስጥም መጽዳት አለበት ይላል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9። ከሰዓት በኋላ።

ደሴ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከአንበሳሜ ወዲያ ባለው ቀያችን አባየን ይዞ የቀረው እሱ ነው። የእናታችን ተዝካር ለማርያም፣ ሐምሌ 21 ይወጣል አለ። ዘንድሮስ ይቅር፣ አዋጅ አለ፣ አባየ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ደረታቸውም ደህና አይደለም አልኩት።

«እታለም፣ ኮሮና የአስፋልት በሽታ ነው። ጭቃ አይወድም።»

ይኸው ነው መልሱ። ይኼ ሰውዬ ነው አባቴን የያዘው። 

ብቀር ደግሞ፦ የእናቷን ተዝካር የቀረች የመጀመሪያ ልጅ። እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። ብቀር አባየን ከዚያ ሁሉ አፍና እጅ ማን ይከልልልኛል? እሄዳለሁ። ልብላ ልጠጣ ብዬ አይደለም፣ እሳቸውን ልጠብቅ ነው። ታረቀኝና ማኅሌት ይቀራሉ። ታረቀኝ አልተከራከረም። ጭቃ አይወድም፣ እንደ ኮሮና።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16። ማታ 12 ሰዓት።

ከሐሙሲት ገበያ ገባሁ። ለተዝካሩም ለደንበኞቼም ቅቤ ልገዛ ነበር። ደብተሬ አልነገርኩሽም እንጂ ሥራዬ ቅቤ ነው። ከገበሬ ገዝቼ ደ/ታቦር እሸጣለሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት ያበላኝ አፍንጫዬ ነው። ለጋውን፣ መካከለኛውን፣ በሳሉን፣ ሌላ ነገር የተደባለቀበትን ከሩቅ እለያለሁ። ሰፈር ውስጥ ቅቤ የገዛች ሴት ሁሉ እኔ ሳላሸትላት ድስት አትጥድም።

መንገዱ ያስጠላል። ሚኒባሱ ግማሽ ሰው ነው የሚጭነው ተብሏል። ኬላው ጋ ስንደርስ ረዳቱ ጎንበስ በሉ አለን። ግማሾቻችን ጎንበስ አልን፣ ያልጎነበሱት ግማሽ ሰው ሆኑ። ፊቴ የማላውቀው ሰው እርጥብ ጋቢ ውስጥ ገባ። በግ፣ ላብ፣ ጭስ። አሁንም አፌ ላይ አለ።

ገበያው ደግሞ ይብሳል። ከእኔ ፊት አንድ ሰውዬ የአንዲቱን ሴት ቅቤ አፍንጫው ላይ ለጥፎ ሳበ። አፍንጫው ይፈሳል። በእጁ ጀርባ ጠረገና ደገመው። «በሳል ነው» ብሎ ጥሎላት ሄደ። ሴትዮዋ ያንኑ ከነቅጠሉ ለእኔ ዘረጋችልኝ።

ምን ላድርግ፣ ቅቤ በማስክ አይሸተትም። ማስኬን ዝቅ አደረግሁ፣ ገለበጥኩና በሌላው ወገን አሸተትኩ። በሳል አልነበረም፣ ሰውየው አያውቅም። ገዛሁት። ከዚያ ቀጥሎ ሃያ ይሁን ሠላሳ ሳላሸት አልቀረሁም፤ የቅቤ ገበያ እንዲህ ነው፣ አንዱን ቅቤ አሥር አፍንጫ ይጎበኘዋል። ስጨርስ እጄን በሳኒታይዘር እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ከገበያው ሁሉ የታጠብኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 22። ጠዋት፣ ደሴ ቤት።

ትናንት አለፈ። ዛሬ መኪና እስኪመጣ ደሴ ጓዳ ቁጭ ብያለሁ። ዝንብ።

ዳሱ ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ መቁጠር ተውኩ። በሩ ላይ ለእጅ መታጠቢያ ተብሎ ጀሪካን ተሰቅሏል፤ ውኃ የለበትም። ደሴ ለቀበሌ ሰው ማሳያ ነው አለ። የቀበሌው ሰው መጥቶ አየው፣ ከዚያ ገብቶ በላ።

ጠላው በአንድ ዋንጫ ይዞራል። አንዱ ይጠጣል፣ አፉን የነካውን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ጠርጌልሃለሁ ብሎ ለሌላው ያቀብላል። በዚያ መዳፍ። ሥጋ የበላበት፣ በሬ የነዳበት፣ ሌላም ሌላም ያደረገበት መዳፍ። የደሴ ሚስት አዱኛ ልታጎርሰኝ መጣች። አልጎርስም አልኩ። እጇ አየር ላይ ቀረ፣ ወጡ በጣቷ እየወረደ። «እትየ ከተማ ገብተሽ ጠልተሽናል» አለችኝ፣ ሴቶቹ እየሰሙ። አልጠላኋችሁም አልኩ። ውሸቴን ነው፣ በዚያ ሰዓት ሁሉንም ጠልቻቸዋለሁ።

ሞገስ ላይ ግን ምን ነካኝ? የአክስታችን ልጅ ነው። ሱዳን ድንበር፣ መተማ ቀን ሥራ ሠርቶ ከተመለሰ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ደሴ የጥጆቹን ጎጆ ሰጥቶት ያድርበታል። ትናንት ከማለዳ ጀምሮ እሳቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ጉልቻ ሲያስተካክል፣ እንጨት ሲማግድ ነበር። አስሎ አክታውን ከአባየ መደብ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ ተፋ። ደሜ ፈላ። ሰው ፊት ተናገርኩ፦ ይኼ ሰው ከመተማ የመጣ ነው፣ ያስላል፣ ከሽማግሌ አጠገብ ምን ይሠራል?  ዋንጫው ራሱ ቆመ።

«ጭሱ ነው እትየ» አለ ሞገስ። ማገዶውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ውጭ ካፊያው ውስጥ ቆሞ አየሁት። ምግብ የወሰደለት የለም።

አባየ ግን ደስ ብሏቸዋል። ጭንቅላቴን ሳብ አድርገው መረቁኝ፣ እንትፍ እንትፍ አሉብኝ። ፊቴ ላይ አረፈ። ዞር ብዬ በነጠላዬ ጠረግሁት። ያዩኝ አልመሰለኝም ነበር። «የአባትሽ ምራቅ ነው ጥሩየ፣ አይገድልም» አሉኝ። አፈርኩ።

ከእኔ እጅ በቀር እንዲበሉ አላደረግኩም። ማንኪያውንና ሳህኑን ከቤቴ በፈላ ውኃ ቀቅዬ ነው ይዤ የሄድኩት። አጥሚት ሠራሁላቸው። ጆሯቸው ደክሟል፤ «ያንን ጨርቅ አውርጂው፣ አፍሽን ካላየሁ አልሰማሽም» አሉኝ። አወረድኩት። አጥሚቱ ትኩስ ስለነበር እያንዳንዱን ማንኪያ እፍ፣ እፍ እያልኩ አበረድኩላቸው። ሳህኑን ጨረሱልኝ። ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ አንድ ንጹሕ ነገር ሠራሁ አልኩ።

ራሴን ይወቅረኛል። የዳሱ ጭስ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 25። ጠዋት 4 ሰዓት።

እቤት ነኝ። ብርድ ብርድ ይለኛል። ጉንፋን።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘውዴ ቅቤ ይዛ መጣች። በሯ ድረስ ያመጣላት ገበሬ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ለዓመት በዓል ልታነጥር። አሽቺልኝ አለች። አሸተትኩ። ምንም። ደግሜ ሳብኩ። ውኃ እንደማሽተት። አፍንጫዬ እንቢ አለኝ ማለት አፈርኩ፤ የእኔ አፍንጫ? ጉንፋን ነው ብዬ በዓይኔ አይቼ፣ በጣቴ ፈትጌ፣ ለጋ ነው አልኳት። እሷ፦ እኔንስ ሸተተኝ፣ አንቺ ካልሽ ግን ብላ ተነሣች።

ማኅሌት ከጓዳ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። «እማዬ፣ ምን የሞተ ነገር ነው ያመጣችው?» ዘውዴ አየችኝ። ቅቤዋን ይዛ ሄደች።

8 ሰዓት።

ሽንኩርት ከፍዬ አሸተትኩ። ጤና አዳም ጨምቄ አሸተትኩ። በርበሬ። ላምባ። የለም፣ የለም፣ የለም።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። ማንም በሌለበት የታረቀኝን ማስክ ከሚስማሩ አወረድኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አፍንጫዬን ውስጡ ከተትኩ፣ እስከ ሆዴ ድረስ ሳብኩ። ሦስት ወር ሙሉ የተጠየፍኩት ነገር ነው። እንዲያቅለሸልሸኝ ለመንኩት።

ምንም አላለኝም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 27።

ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ ነጭ የለበሱት ይመጣሉ፣ ሰፈሩ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል፣ ከእንግዲህ የእኔን ቅቤ ማን ይገዛል? ይህን አሰብኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው። ጻፊው እንግዲህ።

ወዲያው ደሴ ደወለ። ቤት ሆኖ ስልኩ ስለማይሠራ ቤ/ክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። አባየ ከትናንት ጀምሮ ያስላሉ፣ ይቃጠላሉ፣ እህል እንቢ ብለዋል። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጥተዋቸዋል። ጤ/ጣቢያ ውሰዳቸው አልኩ። አይሆንም አለ፤ ምች ነው፣ ጤ/ጣቢያ ከገቡ ኮሮና ብለው ነጥለው ይወስዷቸዋል፣ ካለ ሰው ይሞታሉ አለ። ነገ ካልተሻላቸው ጠበል በቃሬዛ ይወስዳቸዋል። በዚህ ዝናብ።

ኮሮና ከሆነም የሞገስ ነው አለ። ሰዉ ተሰብስቦ አስወጥቶታል። የሚተኛበትን ቁርበት ሳይቀር አቃጥለውበታል። ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። «አንቺ ቀድመሽ አውቀሽበታል እታለም። ያንቺ አፍንጫ መቼ ይስታል» አለኝ።

 በርቱ አልኩና ዘጋሁ። በርቱ።

ሞገስ ሁለት ወር እዚያ ኖሯል፣ ማንም አልታመመም። እኔ አንድ ቀን ዋልኩ።

ደብተሬ፣ ዘንድሮ ያልተጠየፍኩት ሰው የለም። አሁን እኔ ራሴ እጅ እጅ አልኩኝ። ያ እፍ እፍ ማለቴ አይለቀኝም። የአባየን ምራቅ ጠርጌ፣ የእኔን ትንፋሽ በማንኪያ አጎረስኳቸው። ቀቅዬ ባመጣሁት ማንኪያ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 28። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል።

ለታረቀኝ ነገርኩት። አልጮኸም። እኔ ላይ ያየውን ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ከትናንት ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት እየከተፈ ሾርባ ያመጣልኛል። የማይሸት ሾርባ። ደሴን ዝም በይው፣ ማን ከማን እንደያዘው ማን ያውቃል አለኝ፤ ለእኔ አዝኖ ነው። ዝም ካልኩ አባየ ዛሬ በቃሬዛ ጠበል ይወርዳሉ አልኩት።  ተነሥቶ ማስኩን አጠበው። ሳሙናው እንዴት እንደሸተተ አላውቅም።

ማኅሌት ለጤና ቢሮ ነፃ ስልክ ደውላለች። ለእኔ ይመጣሉ፣ ወደ ቀያችንም አምቡላንስ ይልካሉ፤ ግን ቤተሰቡ እሺ ብሎ ሽማግሌውን አስፋልት ድረስ ማውጣት አለበት፣ መኪናው ጭቃውን አያልፍም። ስለዚህ የደሴ እሺታ ያስፈልጋል። ደሴ ምች ነው እያለ እሺ አይልም። እሺ የሚለው ከየት እንደመጣ ሲያውቅ ነው።

በ3 ሰዓት ጉብታው ላይ ይወጣል፣ ከጽዋ ማኅበሩ ሰዎች ጋር። መልእክት ልኬበታለሁ። የምለውን እዚህ ልጻፈው፣ አፌ እንዳይከዳኝ፦ ደሴ፣ ምች አይደለም። ሞገስም አይደለም። ከሐሙሲት ገበያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባየን ዛሬውኑ ወደ አስፋልት አውጧቸው፣ የነካኋችሁ ሁሉ ተለዩ። ሞገስን ፈልጉት፣ ጎጆውን መልሱለት፣ ቁርበት እኔ እገዛለሁ። ስነሣ መጥቼ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።

አዱኛ ትስቅብኝ ይሆናል። ትሳቅ።

ስልኩ ጠራ። ደሴ ነው። ታረቀኝ በሩ ላይ ቆሟል፣ ማስኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫው ላይ ነው። ደሴን ድምፁን ክፈተው እለዋለሁ፣ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ይስማ። ከዚያ በፊት ግን አባየ እንዴት አደሩ ብዬ...