ፍሬን በመያዜ ስለ ወደቅሁበት ፈተና የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ፤ ጤናዎ ከማኅተምዎ በላይ የጸና፣ ወገብዎም ከወንበርዎ ጋር የተስማማ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ገበያው ማዕዘን ላይ ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ስለሚመላለስ ራሴ ላደርሰው ብዬ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ መኪና መንዳት ተምሬ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ተፈትኜ በክብር ወድቄአለሁ። ስለዚህም ላመሰግንዎ ብዕር አነሣሁ።

አንደኛ፣ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው ዜብራው ላይ ሲገቡ ፍሬን ስለ ያዝኩ፣ ፈታኙ «ያለ በቂ ምክንያት ቆማለች» ብለው መዝግበውልኛል። መጽሐፉ ለእግረኛ ቅድሚያ ስጡ እንደሚል በትሕትና ባስታውሳቸው፣ «እሱ ለጽሑፍ ፈተናው ነው እኮ፣ እትዬ» ሲሉ አስተማሩኝ። ስፖኪዮ ማየቴንም «መኳኳሉ እቤት ይደርሳል» ብለው በጨዋ ደንብ አረሙኝ።

ሁለተኛ፣ ከእኔ ቀጥሎ የተፈተነው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ የሃያ ደቂቃውን ፈተና በስድስት ደቂቃ ስለ ጨረሰ፣ በራስ መተማመኑ ተደንቆለት አልፏል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰውን የለቀምኩት ግን እኔ ነኝ። ፈቃዱን በያዘ በአሥረኛው ቀን ከነመኪናው በመስኮት ሱቄ ገባ። እግዜር ይመስገን፣ ከልብስ ማሳያዋ አሻንጉሊት በቀር የተጎዳ የለም። የመጡት ትራፊክ ቅጻቸው ላይ «የተጎጂ ሁኔታ» የሚል ክፍት ቦታ ስለ ነበረባቸው፣ ጭንቅላቷን ከስፌት መኪናዬ ሥር አንስተው፣ ስትሻገር ግራና ቀኝ አይታ እንደ ሆነ በቁም ነገር ጠየቁኝ። አላየችም ብዬ ፈረምኩ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ልለው አልደፍርም። ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ወዲህ መሪ በጨበጠ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ ይወርድ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት ሱቄ መጥቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እትዬ፣ መቆም ያስተምሩኝ፤ እኔ የማውቀው መሄዱን ብቻ ነው» አለኝ። በንዴት ስጦፍ የሰነበትኩት ሴት አንጀቴ ራራ። ደንብዎ ደግሞ ተማሪ የሚነዳው ፈቃድ ያለው ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ነው ይላል። ስለዚህ በሕግ እሱ አስተማሪዬ ሆኖ፣ በተግባር እኔ እያስተማርኩት፣ ባለቤቴን ሐኪም ቤት እናደርሳለን፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ፈቃዱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ፍሬን መቼ እንደሚያዝ ይማራል፣ ባለቤቴም ከኋላ ሆኖ ለሁለታችን ይጸልያል።

ባለፈው ሐሙስ መሪውን ሰጠሁት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሕፃናት ሲሻገሩ ማንም ሳይነግረው ቆመ። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ሲያንባርቅበት፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ፣ የመጨረሻዋ ልጅ ዳር እስክትደርስ ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት፤ እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ። ወዲያው ግን ፈታኝዎ ይህን ቢያዩ ፈቃዱን ይነጥቁታል ብዬ ሰጋሁ።

ለፈታኞችዎ ፍጥነትን፣ ለእግረኞች ዕድሜን፣ ለእርስዎም ሁለቱን አስማምቶ መያዝን እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበትዎታለሁ።

መቆም ያልለቀቃት
ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ምሳ ሰዓት ከቢሮዎ ማዶ ለመሻገር ግማሽ ሰዓት ዳር ላይ እንደሚቆሙ ዘበኛዎ አጫወቱኝ። የሚቆምልዎ ሹፌር ቢያጡ ቅር አይበልዎ፤ ሁሉም ፈተናውን ያለፉ ናቸው።