ከበሩ ላይ ስለወረደው የሁለቱ ጎረቤቶች ሥዕል

ለአዳራሽና ትርዒት ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ
መቀሌ

የተከበራችሁ ሰብሳቢና አባላት፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን፣ የልጆቻችሁን ደኅንነትና የወንበራችሁን ጽናት እየተመኘሁ፣ እኔ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የማስተምረውና ዓዲ ሓቂ ተከራይቼ የምኖረው የወሎው ሙነወር፣ ተማሪዬ ፊዮሪ ሓወልቲ አካባቢ ካቀረበችው የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የፖለቲካ ካርቱን ትርዒት ዋናውን ሥዕል ስለወሰዳችሁልን ምስጋናዬን ላቀርብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ሥዕሉን አስቀድማችሁ ስለወደዳችሁት አመሰግናለሁ። ሁለት ጎረቤት ነገሥታት፣ አንዱ ከአጥሩ ወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ በየባሩድ በርሜላቸው ላይ ተቀምጠው ፒፓቸውን ይዘዋል፤ አንዱም ሌላውን እሳት ይለምናል። በአገራችን እሳት የሚጫጫሩ ጎረቤቶች የሚዋደዱ ናቸውና፣ እናንተ መልካም ጉርብትናን ያስተምራል ብላችሁ ማኅተም አሳርፋችሁ ከመግቢያው በር ላይ እንዲሰቀል አዘዛችሁ። በርሜሉ ላይ የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ የጠላ መስሏችሁ ይሆናል፤ ማንም ይሳሳታል።

ሁለተኛ፣ ሕዝቡ በሩ ላይ ቆሞ መሳቅ ሲጀምር ስለነቃችሁ አመሰግናለሁ። ሥዕሉ ስለየትኞቹ ጎረቤቶች እንደሆነ ስትመረምሩ፣ ፊዮሪ ሁለቱም ነገሥታት ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆናቸው በትሕትና አስረዳች። እናንተም በማግሥቱ ለእሷ እንኳ ሳትነግሩ አውርዳችሁ ወሰዳችሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል የእኛ አገር ሰው።

ለሦስተኛው ቁጥር መስጠት አልሆነልኝም፤ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቅብኛል። ትምህርቷ በጦርነቱ የተቋረጠባት ፊዮሪ፣ እኩዮቿ ወልደው ሲስሙ፣ የመመረቂያ ሥራዋን፣ ይህንኑ ትርዒት፣ ለፈታኞች የምታቀርበው ገና በመጪው ሰኞ ነው። ፈታኞቹ መጥተው በሩ ላይ ሚስማር ብቻ ካገኙ ሥራው ጎደሎ ይባላል፤ እሷም ሌላ ዓመት ትጠብቃለች። የሚጠበቅ ሌላ ዓመት መኖሩን ደግሞ እኔ እንጃ። ከሮማናት አደባባይ ታክሲ የገባ ሰው የሚያወራው ጦርነቱ ሊመለስ ነው እያለ ነው፤ ዱቄት በጆንያ መገዛት ጀምሯል፤ እኔም ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት ማረም አቅቶኝ አሥሬ ስልኬን አያለሁ። ፈርቻለሁ።

አከራዬ ወይዘሮ ለተመድህን ሥዕሉን ሲያዩ ነገሥታቱን ልብም አላሏቸው። ከአጥሩ ኋላ ልብስ የምታሰጣ አንዲት ሴት አለች፤ እሳቸው እሷን ብቻ አይተው፣ ወደይ፣ ልጄ፣ ለዚህች የሚነግራት ሰው የለም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ስለዚህ ሥዕሉ ከሰኞ በፊት እንዲመለስ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ፈታኞቹ ይህ የድሮ የፈረንጅ ሹፈት ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ብለው ያፋጥጧታል ብዬ እሰጋ ነበር፤ ማስረጃውን እናንተው በአካል ተገኝታችሁ ስለሰጣችኋት፣ የኮሚቴው ስም በምስጋና ገጿ ላይ በጉልህ ሰፍሯል።

ጆሯችሁ ከሳቅ ርቆ፣ በርሜላችሁም እንደረጠበ እንዲኖር የዘወትር ተመኚያችሁ፣

ሙነወር
ከዓዲ ሓቂ

ማስታወሻ፦ ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ቢሯችሁ እንዳስቀመጣችሁት ሰምቻለሁ፤ ጥንቃቄያችሁ ያስመሰግናል። ግድግዳ ስላየ ግን ባሩዱ አልተራገፈም። ሴትዮዋም አሁንም ልብሷን እያሰጣች ነው፤ እስካሁን የነገራት የለም።