ለማቲ የጠቀለልኳቸው አምስት ዕቃዎች

ማክሰኞ፣ መስከረም 21። ከሰዓት

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን ትንሽ ያሳፍራል። የጓዳውን መጋረጃ ጫፍ ቆረጥኩት። እማዬ አላየችኝም። አንድ ክንድ ያህል ነው፣ አረንጓዴ አበባ ያለበት በኩል። ለወንድሜ ለማቲ ቆሎ የሚሆን ከረጢት ሰፋሁበት። የቀረውን አጥፌ፣ ሰፍቼ፣ መልሼ ሰቀልኩት። አጥሯል። እስኪነቃብኝ ዝም።

የሚላኩት አምስት ናቸው። ቆሎ፣ ሚጥሚጣ፣ በጣሳ የተነጠረ ቅቤ፣ ጋቢ፣ እማዬ የምትሠራው ሹራብ። ሹራቡ አላለቀም፣ አንድ እጅጌ ይቀራል። ወንድሜ ደ/አፍሪካ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ሱቅ ይሠራል። ጎረቤታችን ጋሽ ደሳለኝም እዚያው ነው የሚኖረው፤ ለመስቀል መጥቶ ነበር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ዕቃውን እሱ ያደርስልናል።

ለየብቻ እጠቀልላቸዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። በቀን አንድ አንድ እየከፈተ አምስት ቀን ደስ እንዲለው።

የሱቁን የሚያብረቀርቅ ወረቀት አልወደውም። ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። የሲሚንቶ ከረጢት የውስጡ ወረቀት ይሻላል። አራገፍኩት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ፍራሽ ሥር አሳደርኩት። ልስልስ አለ። ቀይ ስር ቀቅዬ ውሃውን ለቀለም። ድንች ለሁለት ቆርጬ አበባ ቀረጽኩበት፣ እንደ ማኅተም መታሁበት። ገመዱ ቃጫ። ለቅቤው ጣሳ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ ቅባቱ ቢወጣ ይይዘዋል።

እማዬ አይታ ሳቀች። አንቺ ልጅ ድንጋይ ብሰጥሽም ትጠቀልዪዋለሽ አለችኝ።

ማቲ እሁድ እሁድ ይደውላል። ባለፈው እሁድ አልደወለም። እማዬ ኔትወርክ ነው ትላለች። ይሆናል።

ረቡዕ፣ መስከረም 22። ጠዋት

ጋሼ ኤርምያስ ከዶዮገና መጣ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ዝናብ እየመታው፣ እመጣለሁ ሳይል። ቆጮ ሳይዝ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ባዶ እጁን። እማዬን አቅፎ ቶሎ አልለቀቃትም። እሷ ደስ ብሏታል፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ትዝ አልኩህ እያለች ትቀልድበታለች። እሱ ጥርሱን ብቻ አሳያት።

ከሻይ በኋላ ስልኳን ጠየቃት። ድምፁ ይቆራረጣል፣ አሠራልሻለሁ አላት። ደብተሬ፣ ስልኩ ምንም አልሆነም። ትናንት የመዘምራን ጓደኛዋን ስታወራበት ነበር፣ ግማሽ ሰዓት። ኪሱ ከተተው።

እኔን ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ለብቻዬ ጠርቶ የማቲን ፎቶ አለሽ ወይ አለኝ። ያንን ከመሄዱ በፊት የተነሳውን ሰጠሁት፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ አንዱ ኮሌታው የተነሳ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። መቼ ጠይቄ አውቃለሁ።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት

የቅቤውን ጣሳ ይዤ እነ ጋሽ ደሳለኝ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ እትዬ አልማዝ ተቀበለችኝ። የእንሰት ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰችው። ውይ መሲዬ፣ እንዴት አድርገሽ አሳመርሽው አለች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሽንኩርት ነው፣ እየከተፍኩ ነበር አለች። ቤቱ ሽንኩርት አይሸትም።

ጣሳውን መልሳ አስያዘችኝ። የሚፈቀድለት ኪሎ አልታወቀም፣ ገና ነው፣ አትቸኩዪ። ሁለት ጊዜ አትቸኩዪ አለችኝ። ዳቦ ጨመረችልኝ፣ በትልቁ ቆርሳ።

ጋሽ ደሳለኝ በረንዳ ላይ ነበር። ሁሌ ሲያየኝ፣ “ዲዳዋ! ዛሬስ ስንት ቃል ተናገርሽ?” ይለኛል። እጠላዋለሁ ያንን ቀልድ። ዛሬ ከወንበሩ ተነሳ። “ደህና ነሽ መሠረት?” አለኝ።

ዲዳዋ ቢለኝ ይሻል ነበር።

ሐሙስ፣ መስከረም 23። ከሰዓት

ግቢያችን ሰው በሰው ነው። የዕድሩ ወንዶች አካፋ ይዘው መጡ። ጭቃውን ደለደሉ፣ የውሃ መውረጃ ቆፈሩ፣ አጥሩ ሥር የነበረውን እንጨት አነሱ። ሴቶቹ ሣር አጨዱ። ማንም አላዘዛቸውም። እማዬ ቤት የሚጸዳው በዓል ካለፈ ነው እንዴ እያለች ትስቃለች። ጋሼ፣ ዘንድሮ ዝናቡ በዛ፣ ግቢሽ ሊዋጥ ነው አላት። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ ሴትዮ እማዬ ውሃ ስታቀርብላት ኩባያውን ይዛ ሳትጠጣ ቆመች።

እኔ ጓሮ ጨርቅ ላሰጣ ወጣሁ። ጋሼ ከእንሰቱ ኋላ በስልክ ያወራል፣ በከምባትኛ። እንደሚሰማ አላወቀም። ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ይገባል አለ። እሁድ ጠዋት እዚህ ሆሳዕና ከተማ ይደርሳል። እሷ እስካሁን አልሰማችም፣ እንዳትሰማ እየጠበቅናት ነው።

ደብተሬ!

ማቲ ሊመጣ ነው። ሌላ ምን ይሆናል! ለዚህ ነው ስልኩ የተወሰደው፣ ደውሎ እንዳያበላሸው። ለዚህ ነው ግቢው የተደለደለው። እትዬ አልማዝ ጣሳውን የመለሰችው ለዚህ ነው፣ ራሱ እየመጣ ማን ይልክለታል! ፎቶውም ይገባኛል፣ ሊያስጌጡ ነው። ጨርቁን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ። ለእማዬ አልነግራትም። እሁድ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ።

አምስቱን ዕቃ አልጋው ላይ እደረድርለታለሁ። ከፎቶ ቤት ነጭ ቁርጥራጭ ላምጣና የሹራቡን በጣም ላሳምረው።

ግን እትዬ አልማዝ ለምን አለቀሰች። ደስታም ያስለቅሳል። አዎ። እራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ መስከረም 24

ፊደሌ ተበላሽቷል፣ አትታዘቢኝ።

ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። እዚያ ወረቀት ሲከረክሙ ጠርዙን ይጥሉታል፣ እኔ እወስዳለሁ። ሰውዬው የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም፣ ቁርጥራጭ ለቃሚዋ መሆኔን ብቻ ነው የሚያውቀው። መጣሽ፣ የቁርጥራጭ ንግሥት አለኝ። ትልቅ ፍሬም ጭኑ ላይ አስቀምጦ መስታወቱን በጋዜጣ ይወለውላል።

ሰማያዊ ሸሚዝ። አንዱ ኮሌታ የተነሳ።

ጥጉ ላይ ጥቁር ሪባን።

ሰውዬው ዓይኔን ተከትሎ አየ። “ይሄ ደቡብ አፍሪካ የሞተው ልጅ ነው” አለ። “ሱቁ ውስጥ ተኩሰውበት። እናቱ እስካሁን አልሰማችም አሉ። መርዶው እሁድ ነው፣ አስከሬኑ ሲገባ። ታውቂው ነበር?”

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አላውቀውም።

ደብተሬ፣ ወንድሜን አላውቀውም አልኩ። ቁርጥራጩን ተቀበልኩ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። የመጣሁበትን መንገድ አላስታውስም። አንድ ባጃጅ ጮኸብኝ፣ እሱን ብቻ።

ቤት ስገባ እማዬ በሩ ላይ ተቀምጣ ሁለተኛውን እጅጌ ትሠራለች። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ወደ ብርሃን አነሳችው። እንዴት ያለ ንጹሕ ነው፣ ይሄ ለሹራቡ ይሁን አለች።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል

ጋሼ ፊቴን አይቶ አወቀ። ጓሮ ወሰደኝ። “ሰማሽ?” አለኝ። “ከማን ሰማሽ?” እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ትልቅ እጅ ነው፣ የአራሽ።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አስከሬኑ ሳይደርስ ብንነግራት ምን ይዛ ታለቅሳለች አለ። ደም ግፊቷ አለ። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ማለዳ ነው ደንቡ። “አንቺ ልጅ፣ አደራ። ካንቺ አፍ እንዳይወጣ።”

ከእኔ አፍ ምን ወጥቶ ያውቃል። ት/ቤት እንኳ ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩት መምህሩ ሲጠይቀኝ ድምፄ እየጠፋ ነው። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩት። ልጠላው ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። ጀርባውን ሰጥቶኝ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሲጠርግ አየሁት። ማቲን ፈረስ መጋለብ ያስተማረው እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 25። ጠዋት

ሹራቡ አለቀ። እማዬ እኔ እያየሁ ጠቅልዪው አለች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

መጀመሪያ እጅጌውን በክንዴ ለካችው። ጣቴን አልፎ ወረደ። የሱ ክንድ ከዚህም ይረዝማል አለች፣ ያጥረው ይሆን? አያጥረውም አልኳት። አጠፍኩት። እጅጌዎቹን ደረቱ ላይ አጣመርኳቸው፣ ከዚያ የሬሳ እጅ መሰለኝ፣ ፈትቼ ወደ ኋላ መለስኳቸው። ነጩን ወረቀት በዱቄት ሙጫ አያያዝኩት። ሙጫ አታብዢበት አለች እማዬ፣ እሱ ወረቀት ቀዶ መክፈት ነው የሚወደው፣ ልጅ እያለ ስኳር የመጣበትን ወረቀት እንኳ ይቀድ ነበር። እያወራች ትስቃለች። እኔ ጠርዝ አጥፋለሁ። አንዱን ጠርዝ አራት ጊዜ አጠፍኩት።

ከዚያ ሳቋን አቆመች። “መሲ” አለች፣ “ማቲ ደህና ነው፣ አይደል?”

ጋሼን አልጠየቀችውም። እትዬ አልማዝንም። እኔን ነው የጠየቀችው። ሁሌ ትላለች፣ ይቺ ልጅ አትናገርም እንጂ አትዋሽም።

“ሙጫው አልደረቀም” አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ የክር ትርፍራፊዋን ሰብስባ ተነሳች።

ደብተሬ፣ አባዬ ሲሞት ትንሽ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ነው የሞተው። እማዬን ስድስት ቀን ደበቋት። አንዴ ልብስ እያጠብን ነገረችኝ፣ ሌላ ጊዜ አንስታው አታውቅም። መሞቱን አይደለም የማልረሳው አለችኝ፣ እነዚያን ስድስት ቀናት ነው። እበላ ነበር አለች። ገበያ ሄጄ በዋጋ እከራከር ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ። እኔ ብቻ ነበርኩ የምስቀው።

ዛሬም ስትስቅ አየኋት። ከሚያዩት አንዷ እኔ ነኝ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ጋሼ የነገውን ነገረኝ። ሽማግሌዎቹና የቤ/ክ ሰዎች ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እነ እትዬ አልማዝ ቤት ይሰበሰባሉ። እኔ እማዬን ይዤ ወደዚያው። ዕቃውን ጋሽ ደሳለኝ በጠዋት ልረከብ ብሏል በያት አለኝ፣ አምስቱንም ጥቅል ያዢ፣ ጥቅሎቹን ካየች ትመጣለች። እኛ እዚያ ስንሆን እዚህ ድንኳኑ ይተከላል። እዚያ ይነግሯታል፣ ደግፈው ያመጧታል። መኪናው ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል።

ጥቅሎቼን ይዤ ልወስዳት። ደስ ብሏት ትከተለኛለች። ነጠላዋን ትቀይራለች፣ የቅቤውን ጣሳ እኔ ልያዝ ትላለች፣ ይከብድሻል ትላለች። በሩ ሲከፈት ክፍል ሙሉ ሰው ቆሟል።

ጋሼ እሺ በይ እንጂ አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ለሁለተኛ ጊዜ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ዋሸሁት፣ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ጓሮ ከእንሰቱ ኋላ ቆሜ ለእማዬ የምነግራትን ቃል ለብቻዬ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ አልወጣም። ሁለተኛው ላይ ወጣ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ግን ይሰማል።

ነገ 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ሳይነጋ፣ ከጋሼ ቀድሜ። የደም ግፊት ኪኒኗንና ውሃ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ጥቅሎቹን አልነካም። የመኝታ ቤቱን በር ከውስጥ እቀረቅረዋለሁ። እጇን ይዤ፣ እማዬ፣ ማቲ ሞቷል እላታለሁ። ጋሼ በር ይምታ፣ ይቆጣኝ፣ ደንብ አፈረሰች ይበሉኝ። የመጀመሪያውን ለቅሶ ማንም ሳያያት ታለቅሳለች፣ ከእኔ ጋር ብቻ። ከዚያ እከፍትላቸዋለሁ።