በድንጋይህ ላይ ያፈሰስኩት አሲድ

ውድ ባለቤቴ አስናቀው፣

ከተለየኸን ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አልችልም፤ እኔ እንዴት እንደሆንኩ ግን ልንገርህ፣ ደኅና አይደለሁም። በሕይወት ሳለህ አንዳች ነገር ስደብቅህ ገና ከበር ስገባ ፊቴን አይተህ ታውቅብኝ ነበር። አሁን የሚያውቅብኝ ስለሌለ ራሴው ልናገር ወረቀት አንሥቻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እዚሁ ሃይፋ ዳር ክርያት ያም፣ እዚያው አራተኛ ፎቅ ነን። አሳንሰሩ ዛሬም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይቆማል። እኔም ከወደቡ አጠገብ ያሉትን የፋብሪካ ቢሮዎች ማጽዳቴን አልተውኩም። ልጅህ ትርንጎ በቁመት በልጣኛለች። ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ ሆኗል፤ በሳይንስ ግን የሚደርስባት የለም። ዘንድሮ የሚማሩት ስለ አለቶች ነው። ብትኖር ኖሮ ደብተሩን ከእጇ ትነጥቃት ነበር። ጎንደር ላይ ግንበኛ የነበርክ ሰው፣ እስራኤል ከመጣን በኋላ ሃይፋ ውስጥ በነጭ ድንጋይ የተለበጠ ግድግዳ ባየህ ቁጥር በጣትህ አንጓ ኳ ኳ እያደረግህ "ይሄ ድንጋይ ነው አይብ?" እያልክ ስታሾፍ፣ ሰው ያየናል ብዬ በክንድህ እጎትትህ ነበር።

ትርንጎ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ካርሜል ተራራ ላይ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ ዛጎል ያገኛችሁበት ቀን ትዝ ይልሃል? ተራራ ላይ ዛጎል ምን ይሠራል ብለህ ግራ ገባህ። ሰው የለጠፈው መስሎህ በቢላ ልታወጣው ታገልክ። መልሱን ዘንድሮ ልጅህ ይዛልህ መጣች። ያ ተራራ ጥንት የባሕር ወለል ነበር። ዛጎሉና የትንንሽ የባሕር እንስሳት ቅሪት በደለል መልክ ተነባብሮ፣ ከላይ በተጫነው ክብደት ተጠጋግቶ ድንጋይ ሆነ። የኖራ ድንጋይ ይሉታል። አንተ የምታውቀው የጎንደሩ ጥቁር ድንጋይ የሌላ ወገን ነው፤ ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የቀዘቀዘ፣ ስሙ ባዛልት። ሦስተኛው ወገን የተለወጠው ነው፤ የነበረው ድንጋይ ከመሬት በታች ሙቀትና ጭነት ሲበዛበት ሳይቀልጥ መልኩን ይቀይራል። የኖራ ድንጋይ እብነ በረድ የሚሆነው እንዲህ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት በአንዲት ሰንበት፣ በጭንቀት ነው።

የዓመት ተዝካርህ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ከሥራ በቀጥታ ወደ መቃብርህ ሄድኩ። ወንድምህ አያ ሞላ ያቆመልህን ነጭ ድንጋይ አላየኸውም። ጠራቢው ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ራሱ የመረጠው፣ ስምህን በአማርኛም በዕብራይስጥም ያስቀረጸበት ነው፤ ፊቱ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። የክረምቱ ዝናብና የጭስ ጥቀርሻ አጥቁሮት አገኘሁት። ያ ሁሉ ሰው እሑድ ሊመጣ እንዲህ ሆኖ ይቆይ? ከሥራ ይዤው የመጣሁትን፣ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ የማጸዳበትን አሲድ አፈሰስኩበት። ወዲያው ነጭ አረፋ ኩፍ አለ፣ ይንጣጣል። እኔ ሞኟ ቆሻሻው እየለቀቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጨመርኩበት። ስምህ እንዲያበራ ብዬ በተለይ ስምህ ላይ አበዛሁት።

ዓርብ ጠዋት ትርንጎን ይዤ አበባ ላስቀምጥ ተመለስኩ። ድንጋዩ ደርቆ ነበር። ማብራቱ ጠፍቷል፣ ፊቱ ተበልቶ ሻክሯል፣ የፊደሎቹ ጥቁር ቀለም ለቆ ስምህ ካላፈጠጡበት አይነበብም። በጣቴ ብነካው ነጭ ዱቄት ያዘኝ። ልጅህ ገና እንዳየችው አወቀች። ክፍል ውስጥ የኖራ ድንጋይን የሚለዩት ኮምጣጤ ጠብ አድርገውበት ነው፤ አሲድ ስለሚበላው አረፋ ያወጣል። ባዛልት ቢሆን ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር አለችኝ። አጠገብህ ቁጭ አልኩ።

የቅዳሜዋን ሰንበት እንዴት እንዳሳለፍናት አትጠይቀኝ። ጠራቢው ዝግ ነው፣ የምንሄድበት የለም። ትርንጎ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ልታጽናናኝ ትሞክራለች። ድንጋይ ሁሉ ይዞራል ትለኛለች፤ ዝናብና ነፋስ ይሸረሽሩታል፣ ወንዝ ወደ ባሕር ይወስደዋል፣ እዚያ ተነባብሮ እንደገና ድንጋይ ይሆናል፣ ወደ ጥልቅ የወረደው ይለወጣል ወይም ይቀልጣል፣ የቀለጠውም አንድ ቀን ተመልሶ ይወጣል። ስንት ጊዜ ይፈጃል አልኳት። "እማ፣ ሚሊዮን ዓመታት" አለች። ተዝካሩ እኮ ነገ ነው አልኳት።

እሑድ ሰዉ ተሰበሰበ፤ እናትህ፣ ዘመዶችህ፣ በወደቡ አብረውህ ፈረቃ ይገቡ የነበሩት ጓደኞችህ። አያ ሞላ ጎንበስ ብሎ ስምህን በመዳፉ ጠረገ። መዳፉ ነጭ ሆነ። ቀስ ብሎ ቀና አለና ይህን ማን አደረገው ብሎ ጠየቀ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ታውቀዋለህ፣ ቢጮህ ይሻላል። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ስል ከጎኔ ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

"እኔ ነኝ አጎቴ። ለፈተና እየተለማመድኩ ነበር፤ ኮምጣጤ አፈሰስኩበት።"

ልጃችን ናት አስናቀው። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

"የአባትሽን ስም መጫወቻ አደረግሽው?" አላት በሰው ሁሉ ፊት። አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ከእኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ጸሎቱ ተጀመረ፣ እኔም ከሰው ጋር አሜን አልኩ፤ ከዚያም ዳቦውን ቆርሼ አደልኩ።

ቤት ስንገባ ላናግራት ስሞክር "ቤሰደር እማ፣ ምንም አይደል፣ ተይው" ብላ ክፍሏ ገባች። አያ ሞላ አንተ ካረፍክ ወዲህ በየዓርቡ እየመጣ ወደ ባሕሩ ዳር ይወስዳት ነበር፤ ያ ቀረ። ዓርብ ሲሆን ጫማዋን አድርጋ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች፤ ሲመሽ ታወልቀዋለች። እኔ ይህን እያየሁ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። የፈራሁት ምን እንደሆነ ልንገርህ? የባሏን መቃብር እንኳ በወጉ መጠበቅ ያቃታት እንዳይሉኝ ነው። ለዚህች ብዬ ልጄን አሳልፌ ሰጠሁ።

ባለፈው ሳምንት መምህሯ አስጠራችኝና ስለ አለቶች የተፈተነችውን ወረቀት አሳየችኝ። ትርንጎ ሁሉንም ሞልታለች፤ ሦስቱን ወገኖች፣ የድንጋዩን ዑደት ከነቀስቱ በሥዕል። አንድ ጥያቄ ብቻ ባዶ ነው፤ በኖራ ድንጋይ ላይ አሲድ ቢፈስ ምን ይሆናል የሚለው። ይህን ክፍል ውስጥ ከማንም ቀድማ የመለሰችው እሷ ነበረች፣ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ ወይ አለችኝ መምህሯ። ባዶውን ቦታ እያየሁ እዚያው አለቀስኩ።

ከዚያ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ አውቶቡስ ተሳፍሬ እነ አያ ሞላ ሰፈር፣ ክርያት አታ ወረድኩ። አያ ሞላና እናትህ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ቁጭ በይ ቢሉኝ አልተቀመጥኩም። ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቱ ጥፋቴን ተሸከመችልኝ፣ እኔም ዝም ብዬ አሸከምኳት አልኩ። እናትህ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አያ ሞላ ተነሥቶ ጫማውን አደረገ። እስከ ቤታችን ድረስ አብሮኝ መጣ። ትርንጎ በሩን ስትከፍት፣ ያ ለማንም ይቅርታ ብሎ የማያውቅ ወንድምህ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊይዝ ሲል ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም አለቀሱ። በትከሻው ላይ አሻግራ አየችኝ።

"እማ፣ ለምን እስካሁን ቆየሽ?" አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፣ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው።

ጠራቢው ድንጋዩን እንደገና አለስልሶ ስምህን ጠለቅ አድርጎ ሊቀርጸው ተስማምቷል። አያ ሞላ ዓርብ መምጣቱን እንደገና ጀምሯል። ትርንጎ ለእኔ ትታዘዛለች፣ ሰላምም ትለኛለች፤ እንደ ድሮው ግን አትስቅልኝም። አልፈርድባትም።

አስናቀው፣ አንተን አልረሳህም ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ሳልሞክር የማደርገው ነገር ነው። ዝም ያልኩባትን ያቺን ቀንም እንደማልረሳት ግን ቃል እገባልሃለሁ። ለሚመጣው ዓመት ተዝካርህ በእነዚያው ሰዎች ፊት እቆማለሁ። ልጃችን ከጎኔ ትቁም አትቁም አላውቅም። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ቀድሜ የምናገረው ግን እኔ ነኝ።

ሚስትህ ወርቂቱ