ልብ ወለድን በቡድን ያስነበቡት መምህርት የሻረግ ይሄነው (1956–2017 ዓ.ም.)

መምህርት የሻረግ ይሄነው ከአባታቸው ከአቶ ይሄነው ደሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሪቱ ጎሹ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1956 ዓ.ም. በእንጅባራ አቅራቢያ ጥርባ ተወለዱ። እናታቸው «ይህች ልጅ ገና በሆዴ ሳለችም አልተቀመጠችልኝ» ይሉ እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሳል።

አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው። አማርኛን የለመዱት ትምህርት ቤት ገብተው፣ እየተሳቀባቸው ነበር። አንደኛ ደረጃን በእንጅባራ፣ ሁለተኛ ደረጃን በዳንግላ ተምረው በ1975 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1977 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በገጠር ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ ክረምት ክረምት እየተማሩ በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ዲግሪያቸውን ያዙ። በ1979 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ከአቶ መልካሙ ቢሻው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ዳንግላ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ በ1996 ዓ.ም. ስድሳ ስምንት ተማሪ ላለበት ክፍል የደረሳቸው ልብ ወለድ አራት ቅጂ ብቻ ሆነ። እሳቸውም መጽሐፉን በየምዕራፉ ፈተው፣ ባለቤታቸው በመርፌና በክር እየጠረዙላቸው፣ ለየቡድኑ አከፋፈሉ። አንዱ ቡድን ያነበበውን ለሌላው ይተርካል። በዚህም አልረኩም። አንቱ ከተባለው ልብ ወለድ ጎን፣ ከመናኸሪያው በር ላስቲክ ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡት፣ ማንም ከቁም ነገር ከማይቆጥራቸው ቀጫጭን መጻሕፍት አንዱን ጨመሩ። «የቱ ለምን ይበልጣል?» ብለው ተማሪዎቹን ያከራክሩ ጀመር። እሳቸው በዴስኮቹ መካከል ይመላለሳሉ እንጂ ወንበራቸው ላይ አይቀመጡም፤ ፍርድም አይሰጡም ነበር።

ነገሩ ሳይውል ሳያድር ወደ ርዕሰ መምህሩ ደረሰ። የመናኸሪያ መጽሐፍ በክፍል ውስጥ እንዳይነበብ ታዘዙ። መምህርት የሻረግም «ይቁም ካላችሁ ይቆማል። ግን መጀመሪያ መጥታችሁ ልጆቹን ስሟቸው» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ያን ዕለት ምህረቴ የምትባል፣ እንደ መምህርቷ አዊኛ ተናጋሪ የሆነች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ በቡድኗ ተወክላ ተነሣች። አማርኛዋ እየተሰባበረ «በትልቁ መጽሐፍ ሴቲቱ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። በቀጭኑ ግን ባሏን ለምን ብላ ትጠይቀዋለች» አለች። የሳቀ አልነበረም። ከሌላ ቡድን አንዱ ተነሥቶ ትልቁ መጽሐፍ ያን ዝምታ የጻፈው አውቆ ነው ብሎ ተከራከራት፤ እሷም መለሰችለት። ደወሉ ተደውሎም ማንም አልወጣም። ርዕሰ መምህሩ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ፈቀዱ።

በ1998 ዓ.ም. ግን ከክፍላቸው ብዙዎች የአሥረኛ ክፍል ፈተናን ወደቁ። ከክርክሩ ፊት አውራሪዎች አንዱ የነበረው አዝመራውም ወደቀ። እናቱ በገበያ ቀን መንገድ ላይ አግኝተው «እርስዎ በልብ ወለድ ሲያጫውቱት ልጄ ወደቀ» አሏቸው። መምህርት የሻረግ ቤታቸው ገብተው እህል አልቀመሱም። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የወደቁትን ሰብስበው ሰዋስው አስተማሩ። ከፊሎቹ አለፉ፤ አዝመራው ግን በድጋሚም አልሆነለትም። ጋሪ ገዝቶ መንዳት ጀመረ። እሳቸውም በጋሪው በተሳፈሩ ቁጥር ስለ መጽሐፍ እየተከራከሩ ይሄዱ ነበር። ጥፋቱ የሳቸው ነው ወይስ የፈተናው? ይህ ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው ዕረፍት ነሥቷቸዋል። የቡድን ንባቡን ግን አልተዉትም።

በ2004 ዓ.ም. ወደ እንጅባራ ተዛውረው በዚያው በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በዚያ ዓመት ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራትም የሠፈሩን ልጆች በግቢያቸው በአራት ቡድን ከፍለው ሲያስነብቡ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ቆሞ ክርክሩን ይሰማ ነበር።

በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። እንዲተኙ ሐኪም ሲያዝዛቸው ተነሥተው መስኮት ለመስኮት ይመላለሳሉ፤ ልጃቸው እንቁ ስትቆጣቸው «ተኝቼ ማሰብ አልችልም» ይሏት ነበር። ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ባለቤታቸውን አቶ መልካሙን፣ ልጆቻቸውን እንቁን፣ ብርሃንንና ባምላክን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም እርስ በርስ መደማመጥን ያስተማሯቸውን እጅግ ብዙ ተማሪዎች ትተውልናል።

በዚህ ምድር መቀመጥን ያልወደዱትን እናታችንን፣ አምላከ ቅዱሳን ከደጋጎቹ ማኅበር መካከል ቦታ ሰጥቶ ያሳርፍልን። ለእኛም ልብ ይስጠን። አሜን።